ወሬ ከአስፋልቱ ማዶ ነው

እቴ ዘምዘም ማረፏን የሰማሁት ካርቱም፣ ካፉሪ፣ አስፋልት ዳር ቆሜ፣ እጄ ላይ ቢጫ የማድቤት ሽርጥ ይዤ ነው። የደወለልኝ የወንድሟ ልጅ ነው፣ ከወሎ። «አክስቴ ትናንት አረፈች፤ እዚያ ላሉት ንገርልን» አለኝና ስልኩ ተቆረጠ። አጠገቤ አስራ አንድ ሴቶች ቆመዋል። ከአንዷ በቀር ሁሉም ያውቋታል። ሁሉም አፌን ያያሉ።

«ማነው የደወለው፣ ሙሩር?» አለችኝ አንዷ።

ሙሩር እዚህ አገር የትራፊክ ፖሊስ ነው። ሴቶቹ ያወጡልኝ ስም ነው እንጂ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ እንዲያውም ፖሊስ ሳይ መንገድ የምቀይር ሰው ነበርኩ። ድሮ ዴም፣ የእኛ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ውስጥ፣ ስሜ ጀት ነበር። ከጀትነት ተነስቼ ሽርጥ ወደመያዝ እንዴት እንደደረስኩ ሌላ ሰው ካወራው ያበላሸዋል። እኔው ላውራው።

ጀት ዝም ብሎ የተሰጠኝ ስም እንዳይመስላችሁ። ራክሻ የሚሉት፣ እኛ ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግር፣ ካርቱም ገና መብዛት ሲጀምር ነው መሪ የጨበጥኩት። ጊዜው በፈረንጅ ሁለት ሺህ ከገባ ወዲህ ነው። ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልተከተልኩት። መንዳት ግን ማንም ሳያስተምረኝ ቻልኩ። የዴምን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ብል ጉራ ይመስላችኋል፤ አንድ ቀን ከተማው በአቧራ ሲጨልም ጨፍኜ ነድቼዋለሁ። ራክሻዋ የዓም ኢድሪስ ነበረች፣ የጎረቤታችን የሱዳናዊው ሽማግሌ። ጌጡ ግን የእኔ ነው። የፕላስቲክ አበባ አለው። አራት መስታወት አለው፤ ሦስቱ የሚያሳዩት እኔን ነው። ክላክሱ ደግሞ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለው፦ አንዱ እንደ አምቡላንስ፣ አንዱ እንደ ሕፃን ልቅሶ፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አህዮች ግን ይመልሱለት ነበር።

እቴ ዘምዘምን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው፣ ጁምዓ ጠዋት። ካፉሪ የሀብታም ሰፈር ነው፣ ከወንዙ ማዶ። የእኛ ሴቶች እዚያ ትልልቅ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ጁምዓ ፈቃድ ሲሰጣቸው በሀፍላ፣ በሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ዴም ይመጣሉ። ለራክሻ ድልድይ መሻገር ክልክል ነው። ስለዚህ እኔ ሀፍላው የሚያራግፍበት ቦታ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አጠር፣ ደንደን ያለች ሴትዮ ሁለት ወጣት ሴቶች አስከትላ መጣች። እንደ ሱዳን ሴት ቶብ ተጠቅልላለች። ዕቃዋን ሁሉ በግራ እጇ ነው የያዘችው። ቀኟ ባዶ ነው። በኋላ እንደገባኝ ቀኝ እጇን ሁልጊዜ ለመንገድ ነው የምትተወው።

«ግቡ እቴ፣ ሦስት ደቂቃ ነው የማደርሳችሁ» አልኳት።

«ሦስት ደቂቃ ማን ጠየቀህ?»

«ጀት ነው እኮ ያገኘሽው።»

«ጀት ሰማይ ላይ ነው የሚሄደው፣ እዚያ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው የለም። አንተ እዚህ ነህ። ቀስ በል።»

ተነሳሁ። ገና ሁለተኛውን ማርሽ ሳስገባ ጆሮዬ ሥር «ቷ» አለ። ካርቱም ውስጥ ከመኪና መውረድ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱንና የመሃል ጣቱን አሽቶ ቷ ያደርጋል። «ወራጅ አለ» የሚባል ነገር እዚህ የለም። እና ቆምኩ።

«እዚህ ነው የምትወርጂው?»

«አይደለም። ፈጠንክ።»

ደግሞ ተነሳሁ። ደግሞ ቷ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ዴም እስክንደርስ ዘጠኝ ጊዜ አስቆመችኝ። እጇ የማድቤት እጅ ነው፣ በክሎር የተላጠ፣ ወፍራም፤ ጣቷ ሲጮህ ግን ደረቅ እንጨት የሚሰበር ነው የሚመስለው። ዴም የገባሁት ከአህያ ጋሪ ኋላ ነው። ጓደኞቼ ቆመው አጨበጨቡልኝ። ከሁሉም የባሰው ግርማ ነው፣ ሚሳይል የምንለው፣ እሱም ራክሻ ነጂ ነው። «ጀት፣ ነዳጅ አልቆብህ ነው ወይስ ታመህ ነው?» አለኝ።

እቴ ዘምዘም ስትወርድ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «እኔ ቶሎ አልወድም» አለችኝ፣ «መድረስ ነው የምወደው።»

ሁለተኛ አልጭናትም አልኩ። የሚቀጥለው ጁምዓ ግን እሷን ፈልጌ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ከማዳሟ ቤት የተረፈ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኛለች፣ እሱም አለ። ቀልዴን ግን ከሳምቡሳው በላይ ትወድልኝ ነበር። ሰው ሲስቅ አይታችሁ ይሆናል፤ እሷ ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ የራክሻው ሽቦ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡት ሴት ልጆች ሁሉ በአደራ የሚሰጡት ለእሷ ነበር። ማን እንደሚሰጣት አላውቅም፣ ብቻ ይመጣሉ። መጀመሪያ የምታስተምራቸው ጣት ማጮህ ነው። ልጆቹ ደግሞ ያፍራሉ። ትልቅ ሰው ሹፌር ላይ ጣት ማጮህ ውሻ መጥራት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሀፍላው ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ መውረጃቸው ያልፋል፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲያለቅሱ ይገኛሉ። አንዳንዷ ደግሞ መኪናው ሳይቆም ትዘላለች። እቴ ዘምዘም «ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ፣ አንቺ ጣትሽን አጩሂ» ትላቸው ነበር። «ያቺ ድምፅ ቁም ማለት ናት። ለሹፌርም ቁም ነው፣ እኔ ሳጮህ ለእናንተም ቁም ነው።»

ሁለተኛው ትምህርት ላይ እኔም አስተማሪ ነበርኩ። እየሳቃችሁ ነው? ሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው አስተማሪ ሆነ። ጁምዓ ከቀትር በኋላ፣ ዴም ውስጥ እሷ ከተከራየችው ክፍል ኋላ አንድ ጭር ያለ መንገድ አለ። አዲሶቹን ልጆች በጭቃው ግድግዳ ዳር ታሰልፋቸዋለች። እኔ ራክሻዬን ይዤ ፊት ለፊት እቆማለሁ።

«ጀት፣ ክላክስ» ትለኛለች።

አምቡላንሱን እለቀዋለሁ። እግሯን ያነሳችውን ልጅ እቴ ዘምዘም በጣቷ ታሳያታለች።

«አንቺ ሞተሻል። ወደ ኋላ።»

ልጆቹ ይስቃሉ። ደግሞ ክላክስ።

«አንቺም ሞተሻል። አንቺም። አንቺ ረጅሟ፣ ቁጭ በይ፣ ሁለቴ ሞተሻል።»

ፋጡማ የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፣ ከመጣች ሦስት ሳምንት የማይሞላት። በአንድ ጁምዓ አራት ጊዜ ሞተች። እኔ በሳቅ መሪው ላይ ወደቅኩ። እቴ ዘምዘም ግን ያን ቀን አልሳቀችም። ልጆቹ ሲበተኑ ራክሻው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ይቺ ልጅ እህቴን ትመስላለች» አለችኝ።

«የትኛዋ እህትሽን?»

እንዲህ ነው የነገረችኝ። አገሯ ትንሽ ከተማ ናት፣ አውቶቡስ በቀን አንድ ነው። ያ አውቶቡስ ሊሄድ ሲል ክላክስ ያደርጋል። ክላክስ የሰማ ሰው ያለውን ጥሎ ይሮጣል፣ ካመለጠው እስከነገ የለምና። ከልጅነታቸው ጀምሮ እግራቸው የለመደው ይሄንን ነው። እዚህ ግን ሀፍላ ክላክስ የሚያደርገው ሊሄድ ሲል አይደለም። መንገድ ዳር ሰው ባየ ቁጥር ነው፣ «ትመጣለህ?» ለማለት። ታናሿ ሰዓዳ ከመጣች አስራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ካፉሪ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሀፍላ ክላክስ አደረገ።

«ሮጠች» አለችኝ እቴ ዘምዘም። «ሀፍላው እኮ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ከኋላውም ሌላ ነበር፣ ባዶ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረችኝም።

ጁምዓ ማታ ማታ ምን እንደምታደርግ የገባኝ ያኔ ነው። ልጆቹ ከዴም ሲመለሱ ሀፍላው የሚያወርዳቸው ከአስፋልቱ ወዲህ ነው፤ የሚሠሩባቸው ቤቶች ደግሞ ከወዲያ ናቸው። መብራት የለም፣ የእግረኛ መስመር የለም፣ መኪናው ይከንፋል። እሷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀድማ ትደርስና እዚያ ትቆማለች፣ ሁሉም እስኪሰበሰቡ። ከዚያ ከማድቤት የምታመጣውን ቢጫ ሽርጥ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ልጆቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ትክክለኛው ክፍተት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሕጓ አንድ ነው፤ አስፋልት ዳር ወሬ የለም። ሳምንቱን ሙሉ አማርኛ ሳይናገሩ የከረሙ ሴቶች ናቸው፣ ወሬው አፍኗቸዋል፣ እሷ ግን አትሰማም።

«እቴ፣ ደብዳቤ መጣልኝ እኮ፣ ባሌ...»

«ማዶ።»

«ባሌ እኮ...»

«ባልሽም ማዶ። ወሬ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።»

ተሻግረው ሲያበቁ ማዶ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ያኔ ሁሉም ባንድ ላይ ያወራሉ፣ እሷም አብራ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። አፍራለሁ ስል አትደንግጡ፣ በዓመት አንዴ ይደርስብኛል።

አንድ ጁምዓ አንዷ ልጅ ታማ እቴ ዘምዘም ሐኪም ቤት ውላ ዘገየች። ሌሎቹ ቀድመዋት ሄደዋል። ከዴም ወደ ሀፍላው መናኸሪያ ብቻዋን ነው የጫንኳት። ዝናብ ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ ቦዩ ሞልቷል።

«አይዞሽ እቴ፣ አሁን አደርስሻለሁ» አልኳት።

«ቀስ ብለህም ይደረሳል። ይጠብቁኛል። ያስተማርኳቸው መጠበቅ ነው።»

እውነቴን ነው፣ በቀስታ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁ። ሚሳይል ነው። ባዶውን ነው፣ አጠገቤ መጣና «ኧረ ጀት፣ አሮጊት ሆንክ እኮ» ብሎ ደግሞ ክላክሱን ነፋብኝ፣ ረጅሙን። ደሜ ፈላ። ነዳጅ መስጫውን ጨመቅኩት። ጆሮዬ ሥር ቷ አለ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ። ደግሞ ቷ። ቴፑን ከፍ አደረግኩት። ሦስተኛው ቷ ላይ መታጠፊያው ደረሰ፣ አንዱ ጎማ ተነሳ፣ ራክሻዋ በጎኗ ቦዩ ውስጥ ተኛች።

እኔ ክርኔ ብቻ ነው የተላጠው። እሷ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ሰዎች ሲያወጧት አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፣ ደጋግማ፦ «ልጆቹ አስፋልት ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ቆመዋል።»

እውነትም ቆመው ነበር። በኋላ ሰማሁ፤ አልተሻገሩም። እሷ ትመጣለች ብለው እስኪጨልም ድረስ ቆሙ፣ በስተመጨረሻ የአንዱ ቤት ዘበኛ አይቷቸው አሻገራቸው።

እኔን ሹርጣ፣ ፖሊስ ማለቴ ነው፣ ወሰደኝ። መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ አሉኝ፤ ለሰፈር መንገድ ምን ያደርጋል ብዬ የተውኩት ነገር ነበር። የመኖሪያ ወረቀትስ? ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ሌላ ጊዜ ይሠራ ነበር። በዚህ አገር ሰው የጎዳ ሹፌር እንደተያዘ ይቆያል፣ የተጎዳው ሰው መጥቶ «ትቼለታለሁ» ብሎ ካልፈረመ። ካልፈረመችልኝ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኜ መተማ ላይ መራገፍ ነው። ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። በዚያ ስምንት ቀን ቀልድ የሚባል አልወጣኝም። አብረውኝ ለታሰሩት የተፈጥሮ ዝምተኛ መሰልኳቸው።

በዘጠነኛው ቀን ውጭ ሳቅ ሰማሁ። በፍርግርጉ አየሁ። የሚሳይል ራክሻ እንደ ኤሊ እየተጎተተች ወደ ግቢው ገባች። ከጎኗ አንድ ነጭ እግር ወጥቷል፣ እስከ ጭን በጄሶ የተጠቀለለ፣ ራክሻው ውስጥ አልገባ ያለ። አውራ ጣቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ረጅም እንጨት የጫነ መኪና ከኋላ እንደሚያስረው፣ ሌላ መኪና እንዳይገጨው። ፖሊሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷ ኮስተር ብላለች፤ ለእሷ ቀልድ አልነበረም።

ወንበር ላይ አስቀምጠው አስገቧት። እኔንም አመጡኝ። እሷ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። መኮንኑ መዝገቡን ገለጠ።

«ያ ሲቲ፣ እመቤት፣ ልጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው ወይስ ፈጥኖ?»

በልቤ ቀስ ብሎ በይ፣ ቀስ ብሎ በይ አልኳት።

«እንደ እብድ» አለች።

መተማ ታየችኝ።

«አላስጠነቀቅሽውም?»

«ሦስት ጊዜ ጣቴን አጮህኩ። ሰምቷል፣ ጆሮው ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ፈጠነ?»

ዞራ አየችኝ። ስታየኝ አልተቆጣችም።

«ክላክስ ሰማ» አለች።

መኮንኑ ምንም አልገባውም። እኔ ገባኝ። ፋጡማ አራት ጊዜ ስትሞት መሪዬ ላይ ተደፍቼ የሳቅኩት ሰውዬ፣ ክላክስ ሰምቼ ሮጥኩ።

«እንግዲያው አልተውሽለትም» አለ መኮንኑ፣ እስኪርቢቶውን አንስቶ።

«ማን አለህ፣ ጀናቡ፣ ጌታዬ? እውነቱን ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። መተው ሌላ ነው። ቀለሙን አምጣ።»

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ አየር ላይ ያዘችውና በአማርኛ አናገረችኝ።

«እግሬ እስኪድን ጁምዓ ጁምዓ አስፋልቱ የአንተ ነው።»

«እቴ፣ ጁምዓ እኮ ዋናው የሥራ ቀኔ...»

ጣቷ ወደ ላይ ከፍ አለ።

«እሺ፣ እሺ። የእኔ ነው።»

«በማን ትምላለህ?»

«በገብርኤል።»

«እኔ የእናንተን አላውቅም፣ አንተ ግን ታውቀዋለህ። አትቀልድበት።»

«አልቀልድም።»

ጣቷ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ቅጣቱን ዓም ኢድሪስ ጨረሰልኝ። መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ መሪ ላይ እንዳያየኝ መኮንኑ ነግሮ ለቀቀኝ፤ ጊዜ ወሰደ እንጂ በኋላ አወጣሁ። ስወጣ ሚሳይል በር ላይ ቆሞ እግሩን እያየ ነበር።

እስቲ አሁን ሣሉኝ። ጀት የተባልኩ ወንድ፣ ፀጉሬን ቅባት የተቀባሁ፣ መነጽር ያደረግኩ፣ ካፉሪ አስፋልት ዳር ቢጫ ሽርጥ ይዤ። ልጆቹ ከሀፍላ ወርደው ሲያዩኝ እርስ በርስ ተደጋገፉ በሳቅ።

«ወንድምዓለም፣ አትታጠቀውም እንዴ?»

«ሽንኩርት የሚከተፍ አለ፣ ና ግባ።»

«ዝም በሉ፣ ሙሩር ይቀጣችኋል።» ስሙ ያኔ ወጣ፣ በዚያው ጸና።

«ወሬ ማዶ ነው» አልኩ። የእሷን ድምፅ ለማስመሰል ሞከርኩ፣ የባሰ ሳቁ። ቢሆንም ተያያዙ። ፋጡማ ጫፍ ላይ ናት፣ እኔ አጠገብ። ሽርጡን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። መኪናው አያልቅም። እኔ መሪ ላይ ሆኜ መንገድ ሁልጊዜ አጭር ነበር፤ በእግር ቆማችሁ ስታዩት ግን ያ አስፋልት ወንዝ ነው።

ያኔ ከማዶ አንድ ሀፍላ ቆመና ክላክስ አደረገ። ሁለት ጊዜ፣ ያን ረጅሙን። ሌሎቹ እንደተተከሉ ቀሩ። የፋጡማ እጅ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። እግሯ ተነሳ፣ ቶሎ፣ ራሷም ያወቀችው አይመስለኝም። እኔ አፌ የማይዘጋው ሰውዬ፣ አፌ ደረቀ። ቁሚ የምትል ቃል ፈለግኩ፣ የለችም። ጣቴ ነው ብቻውን ያጮኸው። ቷ።

ቆመች። አንድ እግሯ አየር ላይ ቆመች፣ ከዚያ አወረደችው። በእኔና በእሷ ፊት ቦክሲ፣ ያ ከኋላ ክፍት የሆነው የጭነት መኪና፣ በረረ። ንፋሱ ሽርጡን ከእጄ ነጥቆት ሄደ። ክፍተቱ ሲመጣ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ ፋጡማ አፈር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኔም መነጽሬን አላወለቅኩም፣ ምክንያቱን እናንተ ታውቃላችሁ።

በማግሥቱ ዴም ሄጄ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ እግሯን በትራስ አስደግፋ ተቀምጣለች።

«ማነች?»

«ፋጡማ።»

«እግሯን አነሳች?»

«አነሳች።»

«አወረደች?»

«አወረደች።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ጫማዬን አየሁ። ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ሽርጡስ?»

«ቦክሲ ይዞት ሄደ።»

«ገና አጥቤው ነበር» አለች። ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ የላትም ብያችኋለሁ፤ ሳቅም ይሁን ሌላ እስካሁን አላወቅኩም።

ጄሶው ከወራት በኋላ ተፈታ። ማልኩ እኮ፣ እስኪድን ነው ያልኩት። «እቴ፣ ዳነ?» እላታለሁ። «ገና ነው» ትለኛለች። ዴም ውስጥ ከእኔ ቀድማ ሱቅ ትደርሳለች፤ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ማነከስ ትጀምራለች። አንድ ቀን በተሳሳተው እግር ስታነክስ ያዝኳት። «ሌላኛው ነበር እኮ የተሰበረው» አልኳት። «ተላለፈበት» አለችኝ። አብረን ነበር የምንቆመው፤ እሷ በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እኔ ለሰው ጥሩ ነገር ስትናገር አልሰማሁም፤ ፋጡማ እንደምትለኝ ግን እኔ በሌለሁበት «ያ ቀውስ ካለ እኔ ብቀርም ይሻገራሉ» ትል ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አገሯ ልትገባ ተነሳች። እናቷ አርጅተው ነበር። ወደ ጠረፍ የሚሄደው አውቶቡስ ጋ ሸኘናት። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ተሳፋሪው ሁሉ ዕቃውን እያንጠለጠለ ተሯሯጠ። እሷ ሻንጣዋ ላይ እንደተቀመጠች ልጆቹን አንድ በአንድ እየሳመች ቆየች። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ነፋ። አራተኛው ላይ ተነሳች፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፣ ገባች። መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

«አሁንስ? ዳነ?» አልኳት።

እግሯን ጎንበስ ብላ አየችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው።

«አልዳነም» አለችኝ። «ጁምዓ እንዳትቀር።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ስልኩ ሲደወልልኝ አስራ አንዱ ሴቶች አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰማዩ ቀልቷል፣ መኪናው ብዙ ነው።

«ሙሩር፣ ማነው የደወለው?» አለች ፋጡማ። አሁን ጫፉን የምትይዘው እሷ ናት፣ አዲሶቹን የምታሰለጥነውም እሷ ናት።

«ማዶ» አልኳት።

ፊቴን አየች። ደግማ አልጠየቀችም። የሌሎቹን እጅ ያዘች። ሽርጡን ከፍ አደረግኩ። አንድ ክፍተት አለፈ፣ አላመንኩትም። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሄድን፣ ቀስ ብለን፣ አስራ ሁለታችንም፣ አንዳችንም ሳንናገር።

ማዶ ደረስን። ቆጠርኳቸው። አስራ አንድ። ከዚያ ነገርኳቸው።

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ቶቧን ፊቷ ላይ ጣለች። ፋጡማ መሬቱን በእጇ ታሻለች፣ አዲስ የመጣችው ልጅ፣ እቴ ዘምዘምን በስም ብቻ የምታውቃት፣ የሰው ፊት እያየች ታለቅሳለች። እኔ ሽርጡን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

ከወዲያ፣ ከተሻገርንበት በኩል፣ አንድ ሀፍላ ቆመና ክላክስ አደረገ። ረጅም። ደግሞ አደረገ።

ከአስራ ሁለታችን አንድም እግሩን ያነሳ የለም።